ወይዘሮ ወርቂት፣ የወሎ መሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣው ተማሪዎች ስለ ምን እንናገር ብለን በተማከርን ጊዜ፣ አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ አንዳንዶቻችንም ስለ ሥራ ክቡርነት ይሁን ብለን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁላችንም በአንድ ነገር ተስማማን። ይኸውም በዚሁ በወሎ አገራችን ተነሥተው፣ ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚታለፍ አንዲት ሴት መሪ እንድንናገር ነው። እኒህ ሴት ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ያገራችን ሰው ወይዘሮ ሲላቸው የውጭ አገር ጸሐፊዎች የወሎ ንግሥት ብለዋቸዋል።

አድማጮቻችን «እናንተ ልጆች ይህን ርእስ ለምን መረጣችሁ?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ተረቱ የቆየ ስለ ሆነ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ተረቱ በሚነገርበት በዚያው አገር፣ ወንዶቹ በታሰሩና በሞቱ ጊዜ ሕዝብን የሰበሰቡ፣ ጦር ያዘዙ፣ ከነገሥታት ጋር የተላላኩ ሴቶች ነበሩ። ታዲያ ተረቱን ይዘን ታሪኩን የተውነው ለምንድር ነው?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥሩ እንጀምር። በዐሥራ ስምንተኛውና በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወሎን ከገዙት ቤቶች ዋነኛው የወረሂመኖ ቤት ነው። ትውልዱ ኦሮሞ፣ ሃይማኖቱ እስልምና ሲሆን ገዢዎቹ «ኢማም» የሚል ማዕርግ ነበራቸው፤ ቤቱም «ማመዶች» በመባል ይታወቅ ነበር። ወረሂመኖ የሚባለው አገር ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታና በመቅደላ ዙሪያ ያለው ነው። ዛሬ በቦረናና በሳይንት መካከል የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ «ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ» ስለ ተባለ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያውቀው የዚያን ቤት ስም እያነሣ ይሄዳል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ነገሡ። የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ባላቸው ብርቱ ሐሳብ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ወሎ ዘመቱ፤ በመስከረም 1848 ዓ.ም. ደግሞ የመቅደላን አምባ ያዙ። ከዚያም ወደ ሸዋ ወረዱ። የሸዋው ንጉሥ ኀይለ መለኮት በዚያ ጊዜ ስለ ሞቱ፣ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። መቅደላ በዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ስለ ሆነ ግምጃ ቤትም ምሽግም እስር ቤትም ሆነ። ከእስረኞቹ መካከል የወሎ መኳንንት ልጆች ነበሩ፤ ከእነዚያም አንዱ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር።

ወሎ ግን በአንድ ዘመቻ አልተገዛም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዐሥር ዓመት በላይ እየተመላለሱ ወጉት፤ መንደር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ እህል ጠፋ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን መከራውን የተሸከመው ባላገሩ ነው። ወይዘሮ ወርቂት ሕዝባቸውን ይመሩ የነበረው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው። ጠላታቸው ልጃቸውን በእጁ ይዟል፤ ልጃቸው ያለበትም አምባ ከገዛ አገራቸው መካከል የቆመ ነው።

ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት ምኒልክ ከጥቂት የሸዋ ሰዎች ጋር ከመቅደላ አመለጡ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አንድ አልሞላም ነበር። ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በወሎ ውስጥ የሚያልፍ ስለ ሆነ ከወይዘሮ ወርቂት እጅ ገቡ። የሸዋ ቤትና የወሎ ቤት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሲዋጉ የኖሩ ናቸው። ምኒልክ ክርስቲያን፣ ወርቂት እስላም ናቸው። ከሁሉም በላይ ምኒልክ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ያገቡ አማች ነበሩ።

እስኪ በዚያ ጧት በወይዘሮ ወርቂት ቦታ ሆነን እናስብ። የገዛ ልጃቸው በመቅደላ ታስሯል። ከዚያው እስር ቤት ያመለጠ የሌላ ሴት ልጅ ከደጃቸው ቆሟል። ያመለጠውን ይዘው ቢመልሱ ምናልባት ልጃቸውን በለውጥ ያገኙ ይሆናል። እንግዳውን በደኅና ቢሸኙ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ቍጣ በማን ላይ እንደሚወርድ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ስለ ነገሩ ቅደም ተከተል ቃላቸው አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ወርቂት ምኒልክን በልጃቸው ለመለወጥ አስበው ጥቂት አመነቱ፤ ገና ሳይወስኑም የልጃቸው መርዶ ደረሳቸው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወርቂት እንግዳውን ከመጀመሪያው በክብር ተቀበሉት፤ ልጃቸውም የተገደለው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው አንድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር በጭካኔ አስገደሉት። ወርቂትም ምኒልክን ሸኝተው ወደ ሸዋ ሰደዷቸው። ምኒልክ በዚያው ክረምት አንኮበር ገብተው የአባታቸውን አልጋ ያዙ።

እዚህ ላይ አድማጮቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ወርቂት አመንትተው ከሆነ ማመንታታቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ በልጇ ሕይወት ላይ የማታመነታ እናት የለችም። የሚያስደንቀው ከመርዶው በኋላ ያደረጉት ነው። የገዳዩ አማች በእጃቸው ነበር። ደም በደም በሚመለስበት ዘመን አንድ ቃል ቢናገሩ የልጃቸውን ደም በዚያው ቀን ሊበቀሉ ይችሉ ነበር፤ በዘመኑ ወግ የሚወቅሳቸውም አልነበረም። እርሳቸው ግን ከቤታቸው የገባ እንግዳ በእናትነት ኀዘናቸው ምክንያት እንዲሞት አልፈቀዱም። ሕዝባቸውም ከመቅደላው ንጉሥ ጋር እየተዋጋ ሳለ በደቡብ በኩል ወዳጅ እንጂ ሌላ ደመኛ እንደማያስፈልገው አሰቡ ብለን እንገምታለን። ኀዘንን ለብቻ፣ አገርን ለብቻ ማየት የቻለ ሰው መሪ ነው እንላለን።

ብዙ ጊዜ የወርቂት ስም ሲነሣ «ምኒልክን ባያሳልፉ ኖሮ አድዋ ባልነበረም» ተብሎ ይነገርላቸዋል። ምስጋናው ደግ ነው፤ ነገር ግን እኛ ይህን ያህል አናደንቀውም። አድዋ የሆነው በ1888 ዓ.ም.፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ወርቂት በዚያች ቀን አድዋን አላዩም። ያዩት ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ፣ አሳዳጅ ያለበት አንድ ወጣት ነው። ሰው በሠራው ሥራ የሚመሰገነው ሥራው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባፈራው ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ፍሬውን ሳያዩ መልካም የሠሩ ሁሉ ያለ ምስጋና ይቀራሉ። ወርቂት ሊመሰገኑ የሚገባቸው በዚያች ጧት በነበራቸው እውቀትና በከፈሉት ዋጋ ነው።

ይህን ስንል ዐፄ ቴዎድሮስን ለመንቀፍ ተነሥተን አይደለም። የመይሳው ካሳን ጀግንነት እየሰማን ያደግን ነን፤ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ የነበራቸውንም ምኞት እናከብራለን። ሆኖም አንድነት በታሳሪ ልጆች መያዣነት እንደማይጸና ከመቅደላ ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር የለም። በ1860 ዓ.ም. የሆነው ይህንኑ ያሳያል።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩበትን ሰዎች ለማስለቀቅ 13 ሺህ ያህል ወታደሮችንና 44 ዝሆኖችን በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት በዙላ በኩል አስገባ። ይህ ሠራዊት ከባሕር ዳርቻ እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ ሲጓዝ ከኢትዮጵያ መኳንንት መንገድ የዘጋበት አልነበረም። የትግራዩ ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት፣ በአገራቸው አሳለፉት፤ ዋግሹም ጎበዜም አልተቃወሙትም። ምኒልክም ቀደም ሲል ጦራቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተጠግተው ነበር፤ ሳይዋጉ ተመለሱ። ናፒየር ወደ ወሎም መልእክት ልኮ ዐፄ ቴዎድሮስ በደቡብ በኩል እንዳያመልጡ መንገዱ እንዲዘጋ ጠየቀ።

በዚያ ጊዜ በወሎ ሁለት ሴቶች መሪዎች ነበሩ። አንደኛዋ ወይዘሮ ወርቂት፣ ሁለተኛዋ በልጃቸው ስም ይገዙ የነበሩት ወይዘሮ መስተዋት ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ቤት ሲሆኑ በሥልጣን ይፎካከሩ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። ወዲያው ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው መቅደላ የእኔ ነው አሉ። ናፒየር ግን አምባውን ለማንኛቸውም አላስረከበም፤ ሚያዝያ 10 ቀን ምሽጉን አፍርሶና ቤቱን አቃጥሎ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትንና ብዙ የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትን ጭኖ ተመለሰ። እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ አምባው በወሎዎች እጅ ገባ፤ የተረከቡት ግን አመድ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው «ሴቶቹ በመጣላታቸው ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ፍርዱ ትክክል አይመስለንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በ1860 ዓ.ም. ግን ድሩ የተበጠሰው በወሎ ብቻ አልነበረም። በትግራይም፣ በዋግም፣ በሸዋም የነበሩት ወንዶች መኳንንት እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ቆመው ነበር። በወንዶቹ ጊዜ ብልሃት ያልነውን በሴቶቹ ጊዜ ቅናት ብንለው ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞም መቅደላ ልጅ የነጠቀው ወርቂትን ብቻ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩ ወርቅ ከእንግሊዞች ጋር ሲወርዱ በመንገድ ዐርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እዚያም በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ይህ የኛ ዕድሜ ነው። ወርቂትና ጥሩ ወርቅ በጦር ሜዳ ወገን የተለያዩ ነበሩ፤ በእናትነት ግን አንድ አምባ ሁለቱንም ጎዳቸው።

ስለ ወርቂት የምናውቀውን ለማወቅ የቻልነው ከማን ብዕር ነው? ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎችና ከውጭ አገር ሰዎች፣ ይልቁንም በመቅደላ ታስሮ ከነበረው ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና እርሱን ከመሰሉት ነው። ብላንክ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ምኒልክ ካመለጡ በኋላ ስለ ሆነ የጻፈው ከሌላ አፍ የሰማውን ነው። ወርቂት ግን የራሳቸውን ነገር የሚጽፍላቸው ጸሐፊ አልነበራቸውም።

ይህ ዕድል የኛ አገር ሴቶች ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የዋምፓኖዋግ ሕዝብ ክፍል የሆነው የፖካሴት ሕዝብ ዊታሙ የሚባሉ ሴት መሪ ነበሩት። ባለቤታቸው ዋምሱታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1662 ዓ.ም. የፕሊማውዝ እንግሊዞች ጠርተው ከወሰዷቸው በኋላ ወዲያው ሞቱ። ዊታሙም መሬታቸው ያለ ፈቃዳቸው እየተሸጠ መሆኑን ለእንግሊዞቹ አቤት ብለው ነበር። በ1675 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከባለቤታቸው ወንድም ከሜታኮም ጋር ቆመው ተዋጊዎቻቸውን አሰለፉ። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር ወንዝ ሲሻገሩ ሰጥመው ሞቱ፤ እንግሊዞቹም ራሳቸውን ቈርጠው በቶንተን ከተማ በእንጨት ላይ ሰቀሉት። ስለ እኒህ ሴት ብዙ ዘመን ሲነበብ የኖረው ቃል ተማርካ ከቤታቸው አገልጋይ የነበረችው እንግሊዛዊት ሜሪ ሮውላንድሰን የጻፈችው ነው። እርስዋም በኵሩነታቸው ትነቅፋቸዋለች። በጌጣቸውና በአለባበሳቸው የሕዝባቸውን ክብር የያዙ መሪ መሆናቸውን አንባቢው ከነቀፋው መካከል ፈልቅቆ ማውጣት አለበት። ወርቂትንና ዊታሙን ሁለት መቶ ዓመትና ታላቅ ውቅያኖስ ይለያቸዋል፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሕዝባቸውን በብርቱ ጠላት ፊት መርተው ሳለ፣ ታሪካቸውን የያዘው የሌላ ሰው ብዕር ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ኑሯችን የሚሆን ሁለት ነገር አግኝተናል።

የመጀመሪያው ለእኛ ለተማሪዎቹ ነው። በወረኢሉ፣ በለጋምቦ፣ በሳይንት፣ በተንታና በቦረና ካሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዘንድ ከአባትና ከእናት የተወረሰ ብዙ ቃል አለ። ቃል ከሰው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየመንደራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ደብተርና እርሳስ ይዘን፣ የነገረንን ሰው ስም፣ አገሩንና ቀኑን እየመዘገብን የሰማነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንድንጽፍ ተስማምተናል። የተጻፈውን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እናስረክባለን። ታናናሾቻችንም ከየዓመቱ ዓመት እንዲቀጥሉበት እንለምናቸዋለን።

ሁለተኛው ለወላጆቻችን ነው፤ ይህንንም በአክብሮት እንናገራለን። ከእኛ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች ጓደኞቻችን መካከል ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያልተገኙ አሉ። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ነው። አንዳንዶቹ ግን ውጤታቸው ከብዙዎቻችን በላይ ሳለ ለባል ተሰጥተው ነው። በሒሳብ ሲያስቸግረን የምንጠይቃት አንዲት ጓደኛችን ከመካከላቸው ናት። እርስዋ ያለችበትን ወንበር ይዘን እዚህ በመቆማችን ደስታችን ሙሉ አልሆነም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ ወሎ በጭንቁ ቀን አገሩንና ጦሩን ለሴት አምኖ ሰጥቷል። በሰላሙ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ለሴት ልጁ ማመን ሊከብደው አይገባም። ታናናሽ እኅቶቻችን አሁን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ ስለ እነርሱ ለመነጋገር ጊዜው ገና አላለፈም።

ያደግንባት ከተማ መካነ ሰላም፣ ማለትም የሰላም ስፍራ፣ ተብላ ትጠራለች። ከዚህ የሰላም ስፍራ የወጣን ሁሉ በምንሄድበት የወይዘሮ ወርቂትን ስም ለሚጠይቀን ከአንድ መስመር የበለጠ መልስ ይዘን እንሄዳለን።